ደረቅ አየር የሚያስታምማት የብረት መርከብ

በእንግሊዟ የብሪስቶል ወደብ «ግሬት ብሪትን» የተባለችው መርከብ ያረፈችበት ደረቅ ዶክ፣ ማለትም ውኃው ተመጥጦ የሚወጣለት የመርከብ መሥሪያ ጉድጓድ፣ ራሷ የተሠራችበት ቦታ ነው። መሐንዲሱ ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል የነደፋት ይህች መርከብ ሐምሌ 1843 (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ጉድጓድ ተንሳፋ ወጣች።

ከላይ ሲያዩዋት አሁንም የተንሳፈፈች ትመስላለች። በዙሪያዋ በተዘረጋው መስታወት ላይ ስስ ውኃ ተኝቷል። በደረጃው ሲወርዱ ግን ያ ውኃ ጣሪያ ይሆናል፤ 98 ሜትር ያህል የሚረዝመው አካሏ ከነሙሉ ግርማው ፊትዎ ይቆማል። ላሜራዎቹ ተደራርበው በሪቬት፣ ማለትም በብረት ችንካር፣ ተያይዘዋል። አንዳንዱን ቦታ ዝገት በልቶ ወንፊት አድርጎታል።

የጉዳቱ ሥር ጨው ነው። በረጅሙ የባሕር ዘመኗ ብረቱ ውስጥ የሰረገው ጨው፣ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ጨውን አጥቦ መጨረስ ስላልተቻለ ባለሙያዎቹ እርጥበቱን ነሱት፤ ማሽኖች የአየሩን አንጻራዊ እርጥበት ወደ 20 በመቶ ያወርዳሉ። መስታወቱም ይህን ደረቅ አየር አፍኖ ይይዛል።

ወደ ኋላዋ ሲዞሩ ፕሮፔለር ያገኛሉ፤ ቅጂ ነው። በ1845 አትላንቲክን በፕሮፔለር ያቋረጠች የመጀመሪያዋ የብረት መርከብ እሷ ነበረች። በኋላ ስደተኞችን ወደ አውስትራሊያ አመላለሰች። በ1882 ሞተሯ ወጥቶ በሸራ ብቻ የምትሄድ የድንጋይ ከሰል ጫኝ ሆነች። በ1886 በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ኬፕ ሆርን ላይ፣ ማዕበል ጎድቷት ፎክላንድ ደሴቶች ተጠጋች፤ እዚያም የሱፍና የከሰል መጋዘን ሆና አገለገለች። በ1937 ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ተጥላ ቀረች።

ጎኗን የሰነጠቀው ትልቅ ስንጥቅ የዚያ ዘመን ምልክት ነው። በ1970 ሊያነሷት የመጡት ሠራተኞች ስንጥቁን በፍራሽ ጠቅጥቀው በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ጭነው አገሯ መለሷት። ስንጥቁ ዛሬም ይታያል፤ መታየቱም ተገቢ ነው። ላሜራዎቹ ሁሉ በአዲስ ቢተኩ ቅርጿ ይተርፍ ነበር፤ ውቅያኖሱን ያቋረጠው ብረት ግን ይጠፋል። እሱን ለማትረፍ የተከፈለው ዋጋ ማቆሚያ የሌለው ጥበቃ ነው፤ ማሽኖቹ ከቆሙ ዝገቱ ካቆመበት ይቀጥላል።