በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያሳለፍናቸው ቅዳሜዎች



«ሙስሊም ሆናችሁ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። አንዳንዱ በመገረም ይጠይቀናል፤ አንዳንዱ በስጋት። ልጁን ለማስመዝገብ የሚያስብ አባት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዲናችሁስ እንዴት ሆነ?» ይለናል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ አንዴ ጽፈን ብናስቀምጠው ይሻላል ብለናል። እኛ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ካቶሊካውያን መምህራን በሚያስተዳድሩት የወንዶች ትምህርት ቤት አብረን ያደግን ሙስሊም ልጆች ነን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በሀገራችን ካቶሊኮች ከሕዝቡ 0.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ይሁን እንጂ ተማሪው የሁሉም ቤት ልጅ ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ ኦርቶዶክሱ ይበዛ ነበር፤ ካቶሊኮቹ ከእኛ ከሙስሊሞቹም ያንሱ ነበር።

«ብራዘር» እያልን የምንጠራቸው መምህራን ቄሶች አይደሉም። ሳያገቡ ዕድሜያቸውን ለማስተማር የሰጡ ሰዎች ናቸው። ይህን መንገድ የጀመረው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የኖረውም ከ1651 እስከ 1719 እ.ኤ.አ. ነው። የባለጸጋ ልጅ ነበር። ረሃብ በገባ ጊዜ ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ፣ የደሃ ልጆችን ማስተማር የሕይወቱ ሥራ አደረገ። በእምነት ብንለያይም የዚህን ሰው ታሪክ ስንሰማ አክብሮት አድሮብናል። መልካምን ሥራ መልካም ነው ማለት ከኢማናችን የሚቀንሰው ነገር የለም።

ታዲያ ዲናችን እንዴት ነበር? በየጠዋቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ፈጣሪ እንደሚያየው ያስባል። ከዚያ ክርስቲያኖቹ ያማትባሉ። እኛ እጃችንን አጣጥፈን በልባችን ዚክር እናደርጋለን። ያን ዝምታ ስናስብ የጂብሪል ሐዲስ ትዝ ይለናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኢሕሳን ተጠይቀው፣ አላህን እንደምታየው ሆነህ መገዛት ነው፤ አንተ ባታየው እርሱ ያይሃልና ብለው ያስተማሩትን ማለታችን ነው። በመድረሳ የሸመደድነውን ሐዲስ በየቀኑ የምናስታውስበት ደቂቃ ተገኘልን።

በቅዳሴያቸውና በመዝሙራቸው አልተሳተፍንም፤ ተሳተፉም ያለን የለም። ዒሳ (ዐ.ሰ) የአላህ ነቢይ ናቸው ብለን ስንናገር የተቆጣን መምህር አልነበረም። ጁምዓ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለውን የምሳ ሰዓት ይዘን ወደ መስጂድ እንሮጥ ነበር። የቀረውን ቀን ዙሁርን በምሳ ሰዓት፣ ዐስርን ከትምህርት በኋላ እንሰግዳለን። ልፋት ነበረው። ማንም የማይቀሰቅስህ ቦታ ላይ ሰላትህን በራስህ መጠበቅ ግን የራሱ ተርቢያ አለው። ከመካከላችን ሰላቱን አጥብቆ መያዝ የጀመረው እዚያ የገባ ጊዜ የሆነ ልጅ አለ፤ የማንነት ጥያቄ በየቀኑ ስለሚቀርብለት መልሱን በየቀኑ መስጠት ነበረበት።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከወዳልጠበቅነው አቅጣጫ ነው፤ ከቅዳሜ። ትምህርት ቤቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪውን ሁሉ ለማኅበረሰብ አገልግሎት ያሰማራል። ስም ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ግማሹ የሰፈር ሕፃናትን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናል፤ ግማሹ መነኩሲቶች ወደሚያስተዳድሩት የሕሙማንና የአረጋውያን መጠለያ ይሄዳል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የቁርኣን ትምህርታችን ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ ክርክር ተነሣ። «ቁርኣን ትቶ መነኩሴ ቤት?» ያሉ አባቶች ነበሩ። በእርግጥም ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ጉዳዩን ወደ ኡስታዛችን ወሰድነው። ኡስታዛችን ቶሎ አልመለሱልንም። መጀመሪያ የሒልፈል ፉዱልን ታሪክ ነገሩን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመላካቸው በፊት፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ መካ ውስጥ አንድ የየመን ነጋዴ ሸቀጡን ተቀምቶ ፍርድ አጣ። የቁረይሽ ጎሳዎች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ በአንድነት ሊቆሙ ቃል ኪዳን ገቡ፤ ነቢያችንም እዚያ ነበሩ። ከነቢይነት በኋላም ያን ቃል ኪዳን በመልካም ያነሱት ነበር፤ በኢስላም ዘመን እንኳ ወደ እንደዚያ ያለ ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የተዋዋሉት ሰዎች ግን ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ።

ከዚያ ኡስታዛችን ሦስት ነገር አዘዙን። በአምልኮቸው አትግቡ፤ ሰላት አታሳልፉ፤ ኒያችሁን አጥሩ። የቁርኣን ትምህርቱንም ከፈጅር በኋላ አደረጉት። ቅዳሜ ንጋት ላይ መስጂድ፣ ረፋድ ላይ መጠለያ ሆነ። አባቶቻችንም ተረጋጉ።

የኒያው ነገር በተለይ ያስፈልገን ነበር። ትምህርት ቤቱ ያገለገልንበትን ሰዓት እየቆጠረ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሱረቱል ኢንሳን ላይ ግን አላህ የሚያወድሳቸው ሰዎች ምስኪኑን፣ የቲሙንና ምርኮኛውን የሚያበሉት ለአላህ ብለው እንጂ ዋጋም ምስጋናም ፈልገው አይደለም። ስለዚህ መጠለያው በር ላይ ስንደርስ እርስ በርሳችን «ኒያ!» እንባባል ነበር። ክርስቲያን ጓደኞቻችን ቃሉን ለምደውት እነርሱም «ኒያ!» እያሉ ይገቡ ጀመር።

ሥራው የሚያምር ሥራ አልነበረም። ጥፍር መቁረጥ፣ ጸጉር መላጨት፣ ብርድ ልብስ ማጠብ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማጉረስ ነው። ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል። ለምሳ ሽሮና ምስር ይቀርባል። ሥጋ ቢሆን ኖሮ፣ ሀገራችንን ታውቃላችሁ፣ ማዕዱ ለሁለት ይከፈል ነበር። በሽሮ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን።

እዚያ አንድ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሰላምታችንን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«የሙስሊም ልጆች ናችሁ?»

«አዎ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ። በሉ ቂብላውን አሳዩኝ። ሰሜን መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰሜኑ በየት እንደሆነ ጠፍቶኝ በግምት ስሰግድ ከረምኩ።»

አልጋቸውን ይዘን ወደ ሰሜን፣ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርገን አዞርነው። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ የክፍላችን ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ውሃ ቀዳላቸው፤ ውዱእ አደረጉ። በኋላ ኡስታዛችንን ስንጠይቅ፣ ቂብላን ለማወቅ አቅሙ የፈቀደውን ያህል የጣረ ሰው ሰላቱ ትክክል ነው ብለው አረጋገጡልን። ይህን ስንነግራቸው ሽማግሌው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ በሄድን ቁጥር «ቅዳሜ መሆኑን የማውቀው በእናንተ ነው» ይሉን ነበር።

ይህ ንግግራቸው ነው ዛሬ ልናካፍላችሁ የፈለግነው። እዚያ ትምህርት ቤት የተማርነው ርኅራኄን አይደለም፤ ርኅራኄን ከእናቶቻችን ይዘን ነበር የገባነው። በየመንገዱ ሰደቃ የሚሰጥ፣ ለጎረቤት ሳያቀምስ የማይፈጥር ቤት ውስጥ ነው ያደግነው። እዚያ ያየነው ግን ቋሚ ቀን፣ ቋሚ ቦታና ስሙ የተጻፈ ተረኛ ነው። ዝናብም ይሁን ፈተና ቅዳሜ አይታጠፍም። የሚጠብቅ ሰው ስላለ የደከመውም ይሄዳል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረዋል። ሐዲሱ የእኛ ነው፤ በየደርሱ እንሰማዋለን። ነገር ግን በየከተማችን ያለውን ሁኔታ እንመልከት። በረመዷን ማፍጠሪያው ይትረፈረፋል፤ ለዒድ ልብስ ይሰበሰባል፤ ፎቶ ይነሣል። ሸዋል ሲገባ የቲሙ ልጅ የት ነው? በሙሐረም የታመመውን ጎረቤት የሚጠይቀው ተረኛ ማን ነው? በረመዷን የምናሳየው ቸርነት እውነተኛ መሆኑን አንጠራጠርም። የደሃው ረሃብ ግን ወር አይመርጥም።

ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ኢስላም ሲጠየቁ፣ ከተውሒድ ቀጥለው የዘረዘሩትን አስታውሱ፦ እውነት መናገር፣ አደራን መመለስ፣ ዝምድናን መቀጠል፣ ለጎረቤት መልካም መሆን። በክርስቲያን ንጉሥ ፊት፣ በእኛው ሀገር፣ ዲናቸውን ሳይደብቁ በዚህ አስተዋወቁት። ያ የማተቡ ልጅ ዛሬም ስንገናኝ የሚጠይቀን ስለዚያ ውዱእ ነው፤ ለምን ሦስት ሦስት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ለምን ከቀኝ እንደሚጀመር። ስለ ኢስላም ያደረግነው ረጅሙ ውይይት የተጀመረው ከዚያ ማስታጠቢያ ነው።

ከትምህርት ቤት ከወጣን በኋላ ይህንኑ በሰፈራችን መስጂድ ጀመርን። ሰባት ሆነን ነው የተነሣነው። አንድ ደብተር አለን፤ የተረኞች ስም፣ የአራት አቅመ ደካማ ቤተሰቦች አድራሻና የሥራው ዓይነት ይጻፍበታል። ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ልጅ ማስጠናት ነው። ከአራቱ ቤቶች አንዱ የክርስቲያን ነው። ገንዘብ ብዙም አልጠየቀንም፤ የጠየቀን ቅዳሜን ነው።

ስለዚህ ልጁን ለማስመዝገብ ለሚያስበው አባት መልሳችን ይህ ነው፦ ዐቂዳውን ቤት ውስጥ አስይዘው፣ ሰላቱን ተከታተለው፣ ከኡስታዝ ጋር አገናኘው። ይህን ካደረግህ ልጅህ ከሰው ቤት መልካሙን ይዞ ይመለሳል፤ ይህን ካላደረግህ ግን የትኛውም ትምህርት ቤት ያንተን ሥራ አይሠራልህም።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ደግሞ፦ ይህን ያነበበ ሦስት ጓደኛ ይፈልግ። አንድ ቀን፣ አንድ ቤት፣ አንድ ደብተር። ቀኑን ከያዛችሁ በኋላ አትቀይሩት፤ በዚያ ቀን እናንተን የሚጠብቅ ሰው ይኖራልና።

አላህ ሥራችንን በኢኽላስ ያድርግልን፤ ያን ሽማግሌ ይማርልን፤ ካገለገሉት ሁሉ ለእነዚያ ልጆችም ሂዳያውንና መልካሙን ይወፍቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።