ጓንግ ሲጎድል

እኛ የመተማ ገበሬዎች ነን። ሰሊጥና ማሽላ እንዘራለን። ሥራ ሲቀል ደግሞ ስድስት ሆነን ዓሣ ልናጠምድ እንወርዳለን። ወደ ጓንግ ወንዝ እንሄዳለን፤ አንዳንዴም እስከ ሽንፋ እንዘልቃለን። መንገዱ ሩቅ ነው፤ በረሃው ሰው የለበትም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን እዚያው እናድራለን። በየትኛው ወር መሄድ እንደሚሻል ያወቅነው ተሳስተን ነው።

አንድ ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ሄድን። «ውኃው ሲደፈርስ ዓሣው ይወጣል» ብለውን ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ጠብታ ዝናብ የለም። አንዱ ጓደኛችን መረብ ይዞ እስከ ጉልበቱ ገባ። ድንገት ከላይ በኩል እንደ ጭነት መኪና የሚያጓራ ድምፅ ሰማን። ደራሽ ውኃ ነው! ግንድ እየገፋ መጣ። ጓደኛችንን ውኃው ሲወስደው በገመድ ደረስንበት፤ ጎትተን አወጣነው። መረቡም ስንቁም ሄደ። ጓደኛችን ያን ማታ እህል አልቀመሰም። ዝም ብሎ ወንዙን ያያል።

ታዲያ ውኃው ከየት መጣ? ጓንግ የሚነሳው ከጭልጋ በኩል ካለው ደጋ ነው። ደጋው ሲዘንብበት እኛ ቆላ ላይ ፀሐይ ይሆናል። ውኃው ግን ወደ እኛ ይወርዳል። ከእኛ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ኋላም ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲህ በክረምት የራሳችንን ሰማይ ብቻ አይተን ወንዝ አንገባም።

በጥቅምትስ? እንዴት ተደርጎ! ሰሊጥ የሚታጨደው ያን ጊዜ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ከዘገዩበት ተከፍቶ ይረግፋል። ወባም የምትበረታው በዚያው ወራት ነው። የክረምቱ ውኃ በየጉድጓዱ ተኝቶ ትንኝ ያረባል።

አሁን የምንሄደው በጥርና በየካቲት ነው። ያኔ ጓንግ ይቀጥናል፤ ውኃው ይጠራል። ሽንፋም እየተቆራረጠ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ዓሣው በኩሬው ውስጥ ይሰበሰባል። ቀረሶ በማለዳ፣ አምባዛ በማታ እናወጣለን። ፀሐይ ሳይከር ሰንጥቀን፣ ጨው ነስንሰን፣ እንደ ቋንጣ እንሰቅለዋለን። በዐቢይ ጾም ዓሣ ዋጋ ያወጣል። በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናት እንተወው።

ይህ የእኛ ብልኃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ተመራማሪዎች በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ቆፍረው ያገኙትን በ2016 ዓ.ም. ጽፈዋል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች በበጋ ከኩሬው ዓሣ እያወጡ ይበሉ ነበር። የዓሣው አጥንትና የድንጋይ መሣሪያቸው ተገኝቷል። በዚያ ዘመን በኢንዶኔዢያ አገር ቶባ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ እስከዚህ ደረሰ። በጋው ሲረዝምና ወንዙ ሲደርቅ ሰዎቹ ከበፊቱ ይልቅ ዓሣ አበዙ።

እኛ ግን አንድ ጊዜ በሚያዝያ ሄደን ነውር ሠርተናል። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ የቀረው ውኃ አንድ ኩሬ ብቻ ነበር። ቶሎ ለመጨረስ ከደጋ የመጣ የበርበራ ፍሬ ወቅጠን ጨመርንበት። ትንሹም ትልቁም ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ልንሸከመው አልቻልንም፤ እዚያው ሸተተ። ለካ ለዘር የቀረውን ነው የጨረስነው! በተከታዩ ጥር ተመልሰን መንጠቆ ጣልን። ቀኑን ሙሉ ሁለት አምባዛ ብቻ አገኘን። ኧረ ከብትም የሚጠጣው ከዚያው ኩሬ ነው። አሁን በርበራ የያዘ ሰው ከእኛ ጋር አይሄድም። ከመጋቢት በኋላም ኩሬውን አንነካም።

በደህናውም ወር ቢሆን አጎበር እንይዛለን። የካላዛርን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጠቀ መሬት አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ማታ ነው። ስለዚህ ግራር ሥር አንተኛም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ለመሄድ ተነጋግረናል። አጎበሩ አምስት ነው፤ አንድ ይጎድለናል። ያ ጓደኛችንም ይመጣል። እስካሁን ውኃ አይገባም፤ ዳር ተቀምጦ ዓሣ ይሰነጥቃል።