በትንሿ ጣቢያ ያለቀስነው ለቅሶ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አሻንጉሊት ባቡር ነው። አንዳንዶቻችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል።

እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በሚባለው አውራጃ ነው። በምናመልክበት ጉባኤ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በሙያቸው አናጢ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ። እዚህ አገር ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው። እኛ ግን አፋችን እምቢ ስላለን በመካከላችን «ጋሼ» እንላቸው ነበር። አንድ ቀን ሰምተውን ትርጉሙን ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ከዚያ ወዲህ ሲደውሉልን ራሳቸው «ጋሼ ነኝ» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ከአምልኮ በኋላ ጠጋ አሉንና እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። ይንቀጠቀጣል። «የጀመርኩት ሥራ አለ፤ የማይንቀጠቀጥ እጅ እፈልጋለሁ» አሉን። ቅዳሜ ከቤታቸው ሄድን። ጋራዡ ውስጥ አራት ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ላይ ኮረብታ፣ ሐዲድ፣ የባሕር ዳርቻ ተሠርቷል። የቀረው የባቡር ጣቢያው ሕንፃ ነው፤ የአኪል ጣቢያ።

አኪል የአየርላንድ ትልቋ ደሴት ናት። ከዌስትፖርት ከተማ ተነስቶ በኒውፖርትና በማልራኒ በኩል እስከ ደሴቲቱ ድልድይ ድረስ የሚሄድ የባቡር መስመር ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1894 እስከ 1895 ድረስ በየክፍሉ ተከፍቶ በ1937 ተዘጋ። ዛሬ ሐዲዱ ተነቅሎ 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌትና የእግር መንገድ ሆኗል። እኛም በበጋ ስንት ጊዜ ሄደንበታል! ምን እንደነበረ ግን ጠይቀን አናውቅም።

የአኪልን ጣቢያ በካርቶን አዘጋጅቶ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ ሁሉንም ከባዶ መሥራት ነው። የጋሼ ልኬት እንዲህ ነው፤ በእውነተኛው ሕንፃ ላይ አንድ ጫማ የሆነው እዚህ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንድ ሜትር ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ሕንፃው እስካሁን ስለቆመ ጋሼ ቀደም ሲል ሜትር ይዘው ሄደው ለክተውታል። ያልደረሱበትን ከድሮ ፎቶ አወጡ። የበሩ ቁመት ከታወቀ ጣሪያው ስንት በር እንደሚሆን ይቆጠራል። ግድግዳውን ከፕላስቲክ ሉህ በምላጭ እንቆርጣለን፤ መስኮቱን በወረንጦ እንሰካለን።

ከሁሉ ያስቸገረን ጣሪያው ነበር። ክዳኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ እኛ የምንሠራው ከወረቀት። ወረቀቱን በቀጭኑ ቆርጠን፣ ግማሽ ድረስ እየሰነጠቅን፣ ከታች ከጠርዙ ጀምረን አንዱን በአንዱ ላይ እያደራረብን ወደ ላይ እንለጥፋለን። ይህን ሲያሳዩን ሳቅን። የሣር ክዳን ቤት ሲከደን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከታች ነው የሚጀመረው፣ አለዚያ ዝናቡ ይገባል። «አገራችንም እንዲሁ ነው» አልናቸው፤ ደስ አላቸው።

ስለ ሐዲዱ ደግሞ አንድ ነገር እንንገራችሁ። የአየርላንድ ሐዲድ ሰፊ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1600 ሚሊ ሜትር አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ይሄድ የነበረው፣ ለገሀርን ለገሀር ያሰኘው የድሮው የእኛ ሐዲድ 1000 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በጋሼ ልኬት 1600 ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከሱቅ የሚገዛው የአሻንጉሊት ሐዲድ ግን 16.5 ነው። ጋሼ የሱቁን ትተው ሐዲዱን እንጨት በእንጨት በእጃቸው ሠሩት፤ እጃቸው ጤነኛ በነበረ ጊዜ ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ማን ያየዋል ብለን ጠየቅናቸው።

«የአኪል ሰው ያየዋል» አሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ የገባን ቆይቶ ነው። የአኪል ሰዎች ድሆች ነበሩ። በየዓመቱ ወጣቶቻቸው ድንች ለመልቀም ወደ ስኮትላንድ ይሄዱ ነበር፤ ሴቶችም ወንዶችም፣ ገና ልጆች የሆኑም። በእ.ኤ.አ. 1894 ሰኔ ወር ወደዚያ የሚወስዳቸውን መርከብ ለመያዝ በጀልባ ተጭነው ሲሄዱ፣ መርከቡን ለማየት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተሽቀዳደሙና ጀልባዋ በክሉ ባሕረ ሰላጤ ተገለበጠች። 32 ሰዎች ሞቱ። መስመሩ እስከ አኪል ድረስ በይፋ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ቢሆንም አስከሬኖቹን የጫነ ባቡር ተላከ። እስከ አኪል የሄደው የመጀመሪያው ባቡር እርሱ ነበር ይባላል።

በ1937 መስከረም ወር ደግሞ በስኮትላንድ፣ ከርከንቲሎክ በምትባል ከተማ፣ አሥር የአኪል ልጆች ባደሩበት ቤት እሳት ተነስቶ ሞቱ። ትንሹ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። እነርሱንም በባቡር አመጧቸው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መስመሩ ተዘጋ። የሁለቱም አደጋ ሙታን በኪልዳቭኔት መቃብር ተቀብረዋል።

የአካባቢው ሰው የሚያወራው የድሮ ትንቢት አለ፤ በብረት መንኮራኩር የሚሄድ ጭስ የሚተፋ ሠረገላ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ጉዞው ሬሳ ይጭናል የሚል። እኛ በእንዲህ ያለ ነገር አንደገፍም፤ ደግሞም ከአሥሩ አስከሬን በኋላ ባቡሩ ለጥቂት ቀናት ተመላልሷል። ጋሼም ትንቢቱን አይወዱትም። «ልጆቹን የገደላቸው ድህነት ነው» ይላሉ። እናታቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው ያን ቀን በመሳፈሪያው መድረክ ላይ ቆመው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን መናገር ግድ ይለናል። ጋሼ ከመጥራታቸው ከአምስት ወር በፊት ከሁለታችን የአንዳችን እናት አገር ቤት አርፋ ነበር። የማን እናት እንደሆነች መለየት አያስፈልግም፤ ሁለታችንም እማዬ ነበር የምንላት። የመኖሪያ ወረቀታችን ገና ስላላለቀ መሄድ አልቻልንም። አገር ቤት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ዘመድ አዝማድ፣ ሽማግሌ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ አለ። ለእኛ የመጣው በስልክ ነው፤ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ወጥ እያማሰልን ሳለ።

ምን አልን? «ጌታ ይመስገን፤ ወደ ቤቷ ሄደች።» ከልባችን ነበር፤ እማዬ በጌታ የኖረች ሴት ናት። በማግስቱ ሥራ ገባን። እሑድ ምስክርነት ሰጠን። ደብሊን ያሉ ወገኖች በስልክ ጸለዩልን፤ አንዳንዶቹ እምነታችንን አደነቁ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አድናቆቱን ወደድነው። ከዚያ በኋላ ግን በቤታችን ዝምታ ገባ። ስሟን አንጠራም። ፎቶዋን መሳቢያ ውስጥ ከተትን። ሌሊት አንዳችን ስንነቃ ሌላው የተኛ ይመስላል፤ አለመተኛቱን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ አገር ቤት መደወልም እየቀነስን መጣን። ሐዘኑን ወንድማችንና እኅታችን ብቻቸውን ይዘውት ቀሩ።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ሕንፃው አለቀ፤ ጣሪያው ተከደነ። ጋሼ ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች የያዘ ሣጥን አወጡ። ሻንጣ የያዙ፣ ቀይና ቢጫ የለበሱ፣ ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። «እነዚህን ጥቁር ቀቧቸው» አሉን። ቀለሙን አንስተን ቀባን፤ ሻንጣቸውን በምላጭ ቆረጥን። አርባ ያህል ሰው ጥቁር ለበሰ።

ቀጥሎ ቀጭን እንጨት ሰጡን። የስድስት ጫማ ሣጥን በልኬታችን 24 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሥር ቁረጡ አሉን። አንዳችን እንለካለን፣ አንዳችን እንቆርጣለን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠኝ ከቆረጥን በኋላ ጋሼ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«የመጨረሻውን 20 አድርጉት፤ እርሱ ልጅ ነበር» አሉ።

አራት ሚሊ ሜትር ነው ልዩነቱ። ምላጩ እንጨቱ ላይ ቆመ፤ አልሄደም። የትኛችን ቀድሞ እንደጀመረ አናስታውስም። በባዕድ ሰው ጋራዥ፣ በትንሽ የእንጨት ቁራጭ ላይ ተደፍተን፣ በአምስት ወር ያላለቀስነውን አለቀስን። እንደ አገራችን፣ ድምፅ አውጥተን። «እማዬ» እያልን።

ጋሼ ምን አደረጉ? ጥቅስ አልጠቀሱልንም። በርቱ አላሉንም። ወንበራቸውን ስበው አጠገባችን ተቀመጡ፤ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ትከሻችን ላይ አደረጉ። ከዚያ ሻይ አፈሉ። ስለ እማዬ የጠየቁን ሻዩን ከጠጣን በኋላ ነው፤ ምን ትመስል እንደነበር፣ ምን መብል እንደምታበስል፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል። የዚያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራንም።

እቤት ገብተን መጽሐፍ ቅዱሳችንን ከፈትን። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ላይ ስላንቀላፉት የጻፈውን ስንት ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄደን ለሌሎች አንብበናል! ያነበብነው ግን እንባቸውን እንዲያቆሙልን ነበር። ሐዋርያው ያለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ሆነን እንዳናዝን ነው፤ ጨርሶ እንዳናዝን አላለም። ጌታ ራሱ በዮሐንስ 11 በአልዓዛር መቃብር ዘንድ አለቀሰ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሳው እያወቀ። ዘፍጥረት 50ን ደግሞ ዘርዝረን ያነበብነው በዚያ ምሽት ነው። ያዕቆብ በባዕድ ምድር ሞተ። ዮሴፍ በፊቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ግብፃውያንም 70 ቀን አለቀሱለት። ከዚያ አስከሬኑን ይዘው ያን ሁሉ መንገድ ወደ ከነዓን ሄዱ፤ በመንገድ ላይ በአንድ አውድማ ቆመው እንደገና ሰባት ቀን አለቀሱ። የእምነት አባቶች የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ማንም አልገሠጻቸውም።

ከአገር ቤት ቤተ ክርስቲያናችን ይዘን የመጣነው አንድ ልማድ አለ፤ ያለቀሰ ሰው በእምነቱ የደከመ ይመስለናል። ጮኾ የሚያለቅሰውን ዘመድ «ዝም አሰኙት» እንላለን። ደረት መድቃትንና ፊት መንጨትን አባቶቻችን የተዉት በምክንያት ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለንም። እኛ ግን ከዚያ አልፈን እንባውንም ተውን። ከአምስት ወር በፊት ደፋሮች የመሰልነው ፈርተን ነበር፤ ከጀመርን አናቆምም ብለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰን አሥረኛውን ቆረጥነው፤ 20 ሚሊ ሜትር። ሣጥኖቹን የት እናድርጋቸው ብለን ተከራከርን። እኛ መድረኩ ላይ ይታዩ አልን። ጋሼ አልተስማሙም። «ለማየት የመጣ ሕፃን ይኖራል» አሉና በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉት። ባቡሩንም ከጣቢያው ትንሽ ራቅ አድርገው፣ ሊደርስ ሲል አቆሙት። ሰዎቹ መድረኩ ላይ ጥቁር ለብሰው ይጠብቃሉ። ከፊት፣ የእናቷን እጅ የያዘች አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። እርሷን የቀቡት ጋሼ ናቸው፤ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው፣ ማንም እንዲነካት ሳይፈቅዱ። ቀለሙ ትንሽ ከጠርዙ ወጥቷል።

በዚያው ሳምንት ወደ አገር ቤት ደወልን። ወንድማችን እንደ ወትሮው «ሁሉ ሰላም ነው፣ ጌታ ይመስገን» ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ የቀብሩን ቀን ንገረን አልነው። ዝም አለ። ከዚያ ጀመረ። ድንኳኑ ጠቦ ሰው ውጭ እንደቆመ፣ መዘምራኑ እስከ መቃብሩ እየዘመሩ እንደሸኟት፣ ዝናብ መጥቶ የእድሩ ሰዎች በሣጥኑ ላይ ላስቲክ እንደዘረጉ፣ የጎረቤቷ አሮጊት ከመቃብሩ አልነሣም ብለው እንዳስቸገሩ ነገረን። ማን የመጀመሪያውን አፈር እንደጣለ ጠየቅነው። የእኛን ድርሻ እርሱ እንደጣለልን፣ ሁለት ጊዜ እንደጣለ ነገረን። እስከዚያ ቀን ለምን እንዳልነገረን ስንጠይቀው፣

«እናንተ ስላላለቀሳችሁ አፈርኩ» አለን።

ሦስታችንም በስልክ አለቀስን። የስልኩ ካርድ ሲያልቅ ሌላ ገዝተን ቀጠልን።