ከኢስታንቡል ሰገነት ላይ የሚቀርብ የትዳር ጥያቄ

በዚህ የጉዞ ዓምዳችን ይዘናችሁ የምንሄደው ወደ ኢስታንቡል ነው። መስጂዶቿንና ገበያዎቿን ብዙዎች ጽፈውባቸዋል። እኛ ዛሬ የምናስጎበኛችሁ የቤቶቿን አናት ነው። ምክንያቱም በእነዚህ ሰገነቶች ላይ በየምሽቱ ማለት ይቻላል አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ የትዳር ጥያቄ።

ኢስታንቡል በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ቤቶቿ ቁልቁል ተደርድረው ወደ ባሕሩ ስለሚወርዱ ብዙዎቹ አናታቸውን ጠፍጣፋ አድርገው መቀመጫ ሠርተውበታል። ቱርኮች ቴራስ ይሉታል። በሱልጣን አሕመድ ሠፈር ካሉት ሰገነቶች በአንዱ ላይ ወጥቶ የቆመ ሰው በስተደቡብ የማርማራን ባሕር ያያል። በስተምሥራቅ ቦስፎርን ተሻግሮ የእስያው ዳርቻ ይታየዋል። ቅርብ እ.ኤ.አ. በ1616 የተጠናቀቀው የሱልጣን አሕመድ መስጂድ ስድስት ሚናራዎቹን አቁሞ ይገኛል፤ ፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ. በ2020 እንደገና መስጂድ የሆነችው አያሶፊያ አለች። ራቅ ብሎ ሚማር ሲናን ገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1557 ያጠናቀቀው ሱለይማኒያ በኮረብታው ራስ ላይ ተቀምጧል። ከሐሊች ውሃ ማዶ ደግሞ ጄኖዋዎች እ.ኤ.አ. በ1348 ያቆሙት የገላታ ግንብ ይታያል። መግሪብ ሲደርስ አንዱ ሙአዚን አንድ ሐረግ ብሎ ዝም ይላል፤ የሌላው መስጂድ ሙአዚን ተቀብሎ ይቀጥላል። ይህን የሰማ ሰው ልቡ ባይነካ ነው የሚገርመው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቦታ ለእጮኝነት ጥያቄ ቢመረጥ አያስደንቅም። ሆቴሎችና ቡና ቤቶች ሰገነታቸውን ለሰዓታት ያከራያሉ። ዝግጅቱን በሥራ የያዙ ሰዎችም አሉ። አበባ ይነሰንሳሉ፤ ሻማ ይደረድራሉ፤ ‹‹ታገቢኛለሽ?›› የሚል በመብራት የተሠራ ጽሑፍ ያቆማሉ፤ ፎቶ አንሺ ይደብቃሉ። ልጅቷ ለእራት የተጋበዘች መስሏት ደረጃውን ትወጣለች። በሩ ሲከፈት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ልጁ ተንበርክኮ ቀለበቱን ያወጣል። ከኢስታንቡል አልፎ በየአገሩ ያሉ ሙስሊም ወጣቶችም ይህንን ልማድ ወደውታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ።

ድንገተኛ ሊሆን የሚገባው ምንድን ነው?

ቦታውና ሰዓቱ ድንገተኛ ቢሆን ደስታ ነው። ጥያቄው ራሱ ድንገተኛ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሃያ ዓይን እያያት፣ ካሜራ ፊቷ ላይ ተደግኖ፣ ይህ ሁሉ ወጪ ለእርሷ ሲባል መውጣቱን እያወቀች ‹‹አይሆንም›› ወይም ‹‹ጊዜ ስጠኝ›› ለማለት የምትደፍር ልጅ ስንት ናት? ሰገነት መውጫው አንድ በር ነው። ሰዎች በዚያ በር ላይ ተደርድረው ሲያጨበጭቡ መንገዱ ይዘጋባታል። እንዲህ የተገኘ ‹‹እሺ›› የልብ ይሁን የሐፍረት ማን ያውቃል? የሚታወቀው በኋላ፣ ጭብጨባው ሲበርድ ነው።

ኢስላም ለሴት ልጅ ፈቃድ የሰጠው ቦታ ትልቅ ነው። ኸንሳእ ቢንት ኺዳም የተባለች ሶሐቢያ አባቷ ሳትወድ በዳሯት ጊዜ ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት ብላ ኒካሑ ፈርሶላታል። አባት እንኳ በልጁ ላይ ያልተሰጠውን ሥልጣን ሻማና አበባ እንዴት ይሰጠዋል?

ደግሞም ኢስቲኻራ የሚባል ትልቅ ጸጋ አለን። ሁለት ረከዐ ሰግዶ ጌታን ምረጥልኝ ብሎ መለመን ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያው ደቂቃ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ግን ለኢስቲኻራም፣ ወላጅን ለማማከርም ፋታ አይሰጥም።

የእናታችን የኸዲጃ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለትዳር በፈለጉ ጊዜ አስቀድመው ነፊሳ የተባለችውን ወዳጃቸውን ላኩ። እርሷም ለብቻቸው አግኝታ ሐሳባቸውን በለዘበ አነጋገር ጠየቀች። ፈቃዳቸው ከታወቀ በኋላ ነው አጎቶቻቸው ለወጉ የሄዱት። እንግዲህ ጥያቄው በስውር፣ ደስታው በይፋ ነበር ማለት ነው።

የቱርኮች ሌላው ልማድ

የሚገርመው ደግሞ በዚያችው በኢስታንቡል፣ ከሰገነቱ ሥር ባሉት ሳሎኖች ውስጥ፣ የቆየው ልማድ እስከ ዛሬ መኖሩ ነው። የልጁ ቤተሰብ አበባና ጣፋጭ ይዞ ወደ ልጅቷ ቤት ይሄዳል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ሰው በአላህ ትእዛዝና በነብዩ ቃል ልጃችሁን ለልጃችን እንጠይቃለን ይላል። ሽማግሌ መላክን ለሚያውቀው ለእኛ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይደለም። ልጅቷ ቡና አፍልታ ታቀርባለች። የልጁ ስኒ ግን በስኳር ፋንታ ጨው ይጨመርበታል። ፊቱን ሳያጨማድድ ከጠጣው ታጋሽ ነው ተብሎ ይሳቃል። የጥንት ልጃገረዶች ልጁን ካልፈለጉት ይህንኑ በቡናው ጣዕም ያስታውቁ ነበር ተብሎም ይነገራል። እውነት ከሆነ እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ማንም ሳያፍር፣ ማንም ሳይሰበር፣ አንዲት ስኒ ቡና መልሱን ታደርሳለች።

ሰገነቱን ለሚያዘጋጅ ወንድማችን

ይህን ስንል ሰገነቱ ይቅር ማለታችን አይደለም። የሚወዱትን ሰው ለማስደሰት መድከም መልካም ነው። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል።

በመጀመሪያ ከወላጆቿ ጋር ይነጋገር፤ የእርሷም ሐሳብ በእናቷ ወይም በእህቷ በኩል ይታወቅ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ድንገተኛ ነገር ቦታው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ‹‹የግል ሰገነት›› ሲባል ለባዕድ የተዘጋ ማለት ይሁን እንጂ ለቤተሰብ የተዘጋ አይሁን። ኺጥባ ኒካሕ አይደለም። ቀለበት ጣቷ ላይ ቢገባም ኒካሕ እስኪታሰር ድረስ ለእርሱ ባዕድ ናት። ስለዚህ ኸልዋ እንዳይሆን መሕረሟ እዚያው ይኑር፤ ቀለበቱንም እናቱ ወይም እህቱ ታጥልቅላት። እናቶች በቅርብ ካለው ጠረጴዛ ሻይ እየጠጡ ቢጠብቁ የምሽቱ ለዛ ይጨምር እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

ሦስተኛ፣ ቦታውን አስቀድሞ ሄዶ ይየው። በኮረብታማ ከተማ የአንዱ ሰገነት ለላይኛው ጎረቤት እንደ ግቢ ነው፤ ቁልቁል ይታያል። መከለያው ጠንካራ ነው? ደረጃው ለአሮጊት ጉልበት ይሆናል? ዝናብ ቢመጣ መጠለያ ክፍል አለ? ሎዶስ የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ሲነሳ ጀልባዎችን ከጉዞ ያግዳል፤ ሻማንማ ምን ያህል ይፈራዋል! በብርጭቆ የተሸፈነ ፋኖስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ሰዓቱን ያስላ። የቱርክ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር አንድ ነው። የፀሐይ መግቢያው ግን ይለያያል። በሰኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ገና በ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ዐስርን ሰግዶ መውጣት፣ ለመግሪብም የመስገጃ ቦታ ማዘጋጀት ነው። በአዛን መካከል ጥያቄ አይጠየቅም።

አምስተኛ፣ ፎቶ አንሺ አይደበቅ። ፎቶ ካስፈለገ እርሷ ፈቅዳ፣ ከመልሷ በኋላ ይሁን። ለአንድ ምሽት ሲባልም ዕዳ አይገባ፤ ያ ገንዘብ ለመህርና ለቤት ዕቃ ይበጃል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ አንድ ቃል ይጨምር፦ ‹‹ዛሬ መልስ አልጠብቅም፤ ኢስቲኻራ ስገጂበት፤ ከቤተሰብሽም ጋር ተማከሪ።›› ይህችን ቃል የሰማች ልጅ ከኢስታንቡል መብራት ሁሉ የበለጠ ነገር አግኝታለች፤ መከበርን። ‹‹እሺ›› ካለች ከልቧ ነው። ‹‹አይሆንም›› ካለችም ሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ ደረጃውን በሰላም ይወርዳሉ።

እናንተም ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ምሽት ሲያስቡ አትቆጧቸው፤ አብራችኋቸው አቅዱ። ከወላጅ የተሸሸገ ሰገነት እንጂ ወላጅ ያለበት ሰገነት አያስፈራም።

አላህ (ሱ.ወ) ለወጣቶቻችን ያማረ ትዳርን፣ ለቤቶቻችንም መዋደድንና መተዛዘንን ይስጥልን። አሚን።