ጠፋ ሲባል የሚነሳ ሰው

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ቀኑን ሙሉ የማስበው ሰው አንድን ስም እንዳይረሳ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። ለዚህ ሲባል ፎቶ እናነሳለን፣ ቀለም እንመርጣለን፣ አፍ ላይ የሚቀር መፈክር እንፈልጋለን። አጎቴ ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል፤ ማንም ሳያስተዋውቃቸው መቱ፣ ጎሬና ሁሩሙ ላይ ዛሬም ስማቸው ይነሳል። በሕይወት ሳሉ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እኔ ልናገርላቸው።

እኛ ቤት «ጋሼ» ነበሩ፤ ለከተማው ደግሞ «ኢንጂነሩ»። አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተምረው፣ ለዓመታት የመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ላይ ሠርተው፣ ወደ ተወለዱባት መቱ ተመለሱና ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ሆዳቸው በተከፈተ ቴሌቪዥኖች፣ ቴፖችና ስታብላይዘሮች የተሞላ ነበር። አንዱ መደርደሪያ ግን አይነካም። ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ቦት ጫማና የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ጋሼ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። ሰው ጠፋ ሲባል መበየጃውን ከሶኬት ነቅለው ይነሳሉ።

ኢሉባቦርን ያላየ ሰው ነገሩ ላይገባው ይችላል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አይለቅም። ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድ የሚገኘው የያዮ ደን፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው፣ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበት ነው። ደኑ ሲሳይ ነው፤ ጭጋግ ሲወርድበት ግን ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው አይታይም። ክረምት ላይ ደግሞ ሶርና ገባ ወንዞች ይሞላሉ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ማር ቆራጭ፣ ማስታወስ ያቃታቸው አዛውንት፣ ማንም ሊጠፋ ይችላል።

ሰው ሲጠፋ የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው። እሪ ይባላል፣ መንደሩ በሙሉ ይወጣል። ጋሼ ይህን ደንብ ይወዱት ነበር፤ ግን መልክ አስያዙት። መጀመሪያ ደብተር ያወጣሉ። ዕድሜው ስንት ነው? ምን ለብሷል? መጨረሻ ያየው ማነው፣ በስንት ሰዓት? የሚወስደው መድኃኒት አለ? ሲከፋው የት ይሄዳል? ከዚያ አንድ ሰው ቤት ያስቀራሉ፤ የጠፋው ራሱ ተመልሶ ቢመጣ ሌላው በከንቱ ሲንከራተት እንዳያድር። የቀረውን ሁለት ሁለት አድርገው ይመድባሉ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ስሙን በአንድነት ይጠራል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ጸጥ ይባላል።

ተማሪ ሳለሁ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ዝም የሚያስብሏቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ሬዲዮ ስትከፍቺ ጣቢያው የማይሰማሽ ሁልጊዜ ስለሌለ አይደለም፤ ጫጫታው ስለበለጠው ነው። የጠፋ ሰው ድምፁ ደካማ ነው። ሁላችንም ከጮኽን የምንሸፍነው እሱን ነው» አሉኝ።

በየስብሰባው ደንበኛን ስለ ማዳመጥ ሲወራ የሚታወሰኝ ይህ ነው።

«የቴክኖሎጂ ሰው ሆነው በእግር ይፈልጋሉ?» ለሚሏቸው፣ መልሳቸው የ1981 ዓ.ም. ክረምት ነበር። ነሐሴ 1 ቀን የአሜሪካውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎች የተሳፈሩባት ትንሽ አውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ተነስታ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ስትበር ጠፋች። ፉኝዶ የሚገኝበት የጋምቤላ ምድር ለረጅም ዘመን በኢሉባቦር ሥር የኖረ ነው። የአሜሪካ አውሮፕላኖች ጭምር ተሰማርተው፣ ስብርባሪዋ ተራራ ላይ የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ያኔ ጋሼ ወጣት ባለሙያ ነበሩ፤ ዜናውን በየቀኑ በሬዲዮ ተከታትለዋል። ዛሬ አውሮፕላን ሲወድቅ የድረሱልኝ ምልክት በ406 ሜጋኸርዝ የሚልክ መሣሪያ እንዳለ፣ ሳተላይት ያንን ተቀብሎ የፍለጋውን ቦታ ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሚያጠበው ያስረዱን ነበር። «የቀረችውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን የሚጨርሳት እግር ነው» ይላሉ።

ከሁሉ የማልረሳው ሐምሌ 2016 ዓ.ም.ን ነው። ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ናዳ የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ጎረቤት ተሰብስቦ ሲቆፍር ሌላ ናዳ ወርዶ አዳኞቹንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ጋሼ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሲቆፈር አንድ ሰው ዓይኑን ከተራራው ላይ ሳይነቅል መቆም አለበት፤ ይህን ማን አስተማራቸው?» አሉ። እነዚያን ሰዎች መውቀሳቸው አልነበረም። ወገኑን ለማዳን የሮጠ ሰው ባዶ እጁን መሮጡ ነው ያንገበገባቸው። «ደግ ልብ ወደ ቦታው ያደርስሻል፤ ወደ ቤትሽ የሚመልስሽ ግን ሥልጠና ነው» ያሉኝም ያኔ ነው።

ለቅሷቸው ላይ የማናውቃቸው ሰዎች ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ መጡ። አንዲት እናት ጎረምሳ ልጇን ይዛ ገብታ «ይህን ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው» አለች። ልጃቸውን ሶር ወንዝ የወሰደባቸው አባትም ነበሩ። ጋሼ በሕይወት አልደረሱለትም፤ በአራተኛው ቀን ግን አስከሬኑን አግኝተው አምጥተውላቸዋል። «መቃብር ሰጡኝ» አሉ አባትየው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ገመዱንና ደብተሩን አብረዋቸው ይወጡ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ተረከቡ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ወሰድኩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር፣ 907፣ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሙሉ ስሟንና የእኔን ስልክ በቃሏ ትላለች፤ ከጠፋች ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ድምፅ ማሰማት እንዳለባትም ታውቃለች።

ጫካ ባይኖርም ከተማም ሰው ይጠፋል። በእናንተ ግቢ ወይም ኮንዶሚኒየም ልጅ ጠፋ ቢባል ቀድሞ የሚነሳው፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም የሚያውቀው ማነው? እኛ ብሎክ ውስጥ ይህን ጥያቄ ካነሳን ወዲህ የሠለጠንነው አራት ደርሰናል።