በተርሚናል የተለጠፈ ኮድ ለምን ቅርጹን ይለውጣል?

የጥናቱን ስሌት በሩቅ ሰርቨር ላይ የሚያካሂድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ በላፕቶፑ የጻፈውን ኮድ ቀድቶ በተርሚናል በኩል ቪም ውስጥ መለጠፉ የዘወትር ተግባሩ ነው። አንዳንዴ ግን የተለጠፉት መስመሮች እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየገቡ ይወርዳሉ። ተማሪው አስቀድሞ የሚጠራጠረው ራሱን ነው፤ ደግሞ ይቀዳል፣ ደግሞ ይለጥፋል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብራም ሙለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያበረከተው ቪም፣ ተርሚናሉ የሚያቀብለውን ፊደል ሁሉ ጣት እንደ ተየበው ይቆጥራል። «ኦቶኢንደንት» የተሰኘው አማራጭ ሲበራ ለእያንዳንዱ አዲስ መስመር የቀደመውን መስመር መነሻ ክፍተት ይደግማል። የተለጠፈው መስመር ደግሞ የራሱን ክፍተት ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ይደመራሉ።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። በፓይተን ክፍተት ትርጉም አለው። ድምር የሚያጠራቅም ሉፕ ካበቃ በኋላ ድምሩን ለናሙናው ብዛት የሚያካፍል መስመር አለ እንበል። ይህ መስመር ወደ ቀኝ ተገፍቶ ሉፑ ውስጥ ከገባ፣ ማካፈሉ በየዙሩ ይደገማል። ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳያሳውቅ ይጨርሳል፤ አማካዩ ግን ሐሰት ይሆናል። ስሕተቱን ጮኾ ከሚናገር ኮድ ይልቅ ዝም የሚለው ለጥናት የከፋ ነው።

መፍትሔው ከአንድ በላይ ነው። ከመለጠፍ በፊት «ፔስት» የተባለውን አማራጭ ማብራት ክፍተት መጨመሩን ያስቆማል፤ ሳይጠፋ ከቆየ ግን አቋራጭ ቁልፎችንና አኅጽሮቶችንም ያሰናክላል። ዘመናዊ ተርሚናሎች በተለጠፈው ጽሑፍ መጀመሪያና መጨረሻ 200 እና 201 ቁጥሮችን የያዙ ስውር ምልክቶች ማኖር ይችላሉ፤ የቅርብ ጊዜ የቪም እትሞች በእነዚህ የተለጠፈውን ከተተየበው ይለያሉ። በቲመክስ ውስጥ ግን ምልክቶቹን በማዋቀሪያ ፋይል ማስተዋወቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የቪም የመደመር ምልክት ሬጅስተርም እንደ ልማዱ የሚያየው ቪም የሚሠራበትን ማሽን ቅንጥብ ሰሌዳ እንጂ የላፕቶፑን አይደለም።

ረጅም ኮድ ሲሆን ከመለጠፍ ይልቅ ፋይሉን እንዳለ በኤስሲፒ መላክ፣ ከዚያም የሁለቱን ቅጂዎች ቼክሰም ማመሳከር ይመረጣል። ይህ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከተሳሳተ አማካይ ላይ የተገነባን ምዕራፍ እንደገና መጻፍ ግን ወራት ይጠይቃል።