ያጠብኩት ቀፎ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው በሟቹ አባቴ ጎተራ ውስጥ ሦስት ባዶ ቀፎዎች አገኘሁ። ውስጣቸው በአሮጌ ሰፈፍና ሙጫ ጠቁሯል። ከአልኮልና ከበረኪና ጋር ያረጀ እጅ ዝም ብሎ አያይም፤ ሁለቱን ፍቄ፣ በበረኪና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ሦስተኛው ጋ ሳልደርስ መሸ።

ክረምቱ ወጥቶ ተራራው ሲያብብ የፈለሰ ንብ መጣ። የገባው ካልታጠበው ቀፎ ነው። በታጠቡት ደጃፍ ጥቂት ቃኚዎች ዞር ዞር ብለው ተመለሱ። አያ የምንላቸው የአባቴ ታናሽ ወንድም ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ንብ ጠረን ያለው ቤት ነው የሚወደው። በወይራ ታጥነህ፣ ጠጅ ሳር ታሽበታለህ እንጂ፣ እንዲህ አራቁተኸው ማን ይገባልሃል?»

እውነታቸውን ነው። ንብ ቤት ስትመርጥ ሌሎች የኖሩበትን ሰፈፍ ታሸታለች። መግቢያውን ያገኙት ሠራተኞች ደግሞ ጭራቸውን አንስተው፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ፣ ከሆዳቸው ጫፍ ካለው ዕጢ የሚወጣውን ሽታ ወደ ኋላ ለቀሩት ይረጫሉ። ጠጅ ሳርን ጠጅ ሳር የሚያሸቱት ቅመሞች በዚያ ሽታ ውስጥም አሉ። አያ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም።

ነገሩ የንብ ብቻ አይደለም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን በካሪቢያን ባሕር የሚኖረው እሾሃማ ሎብስተር ቀን የሚደበቅበትን የድንጋይ ስንጥቅ በወገኖቹ ጠረን እንደሚያገኝ አነበብኩ። ውስጥ ያለው በቫይረስ የታመመ ከሆነ ደግሞ ጤነኛው ይሸሻል።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ ማዋለጃ ክፍል ሄደ። በጀማሪነቴ ሕፃን እንደተወለደ አጥበን፣ ጠቅልለን፣ ለብቻው እናስተኛ ነበር። እናቶችንም ጡታችሁን በሳሙና ታጠቡ እላቸው ነበር። አንዷ አትረሳኝም። ልጇ አልጠባ ቢል ደግማ እንድትታጠብ አዘዝኳት። በማግስቱ ስገባ አያትየዋ ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት ላይ አስተኝታ ጋቢ አልብሳቸዋለች፤ ይጠባል። ደስ ይለኛል ስትሉ፣ ተቆጣሁ።

በ1994 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ለ30 አራስ ሕፃናት አንዱን ጡት አጥቦ፣ ሌላውን ሳይታጠብ አቀረበላቸው። 22ቱ ወደ ያልታጠበው ሄዱ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም የመጀመሪያው ገላ መታጠብ 24 ሰዓት ይቆይ ይላል። (እጃችሁን ግን ታጠቡ፤ እሱን አልለቅም።)

ዘንድሮ ልጄ ስትወልድ ሕፃኑን ወዲያው ደረቷ ላይ አደረጉላት። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ጠበቅሁ። ያቺን አያት ይቅርታ ልጠይቃት ብፈልግ ዛሬ የት አገኛታለሁ?

የታጠቡትን ቀፎዎች በወይራ አጥኜ፣ ጠጅ ሳር አሽቼባቸዋለሁ። አንዱ ንብ ገብቶበታል። ሌላው ገና ነው።